ዝናብ የፈራው ገበሬ

ከቡሬ በታች ባለችው በእኛ አጥቢያ ሰው ዝናብ ሲለምን እንጂ ከዝናብ ሲሸሽ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ገደፋው የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ደመና በጠቆረ ቁጥር እየጮኸ ቤት መግባት ሲጀምር አጥቢያው ደስ አለው። ዘመኑ ሳቅ የጠፋበት ነበር። ጠላት አገር ገብቷል፤ ንጉሡ ባሕር ተሻግረዋል፤ መኳንንቱ ለማን እንደሚያድሩ ገና እየመከሩ ናቸው። በዚህ ሁሉ ላይ መሳቅ ያስፈራል። በታመመ ሰው ላይ መሳቅ ግን ከጥንትም ግብር የለበትም።

ገደፋው ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ሐምሌ ላይ ሌላው ገበሬ ዶፉ እስኪያባራ ከዋርካ ሥር ሲጠለል፣ እሱ ደረቱን ለዝናቡ ሰጥቶ፣ ለበሬዎቹ እያንጎራጎረ ያርስ የነበረ ሰው ነው። እናትና አባቱ ሞተዋል። ያለችው ታላቅ እህቱ አቻምየለሽ ናት፤ ባሏን ፈታ ወደ አባቷ ርስት የተመለሰች፣ እጇም ምላሷም ሥራ የማይፈታ ሴት። ሁለቱ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ክተት ሲታወጅ የአጥቢያው አለቃ ግራዝማች ደረሰ ገበሬውን ሰብስቦ ወደ ሰሜን ይዞት ሄደ። ገደፋውም ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ተሸክሞ ተከተለ። የተመለሰው ግንቦት ላይ ነው። አህያዋ የለች፣ ጠመንጃው የለ። ጀርባው ከትከሻው እስከ ወገቡ ተልጦ የዳነ ነው፤ እሳት ዳር ተረስቶ የተኮማተረ ቁርበት ይመስላል። ግራዝማች ደረሰ ቀደም ብሎ በበቅሎ ገብቶ ነበር፤ ካባው እንኳ አላደፈም።

"ምን አገኘህ፣ ወንድምዓለም?" አለችው አቻምየለሽ።

"ካፊያ" አላት።

የቀረውን ቀስ በቀስ ነው ያወጣችው፤ አንዱን ነገር እሸት ሲፈለፍሉ፣ ሌላውን ከብት ሲያጠጡ። ተከዜ ዳር ነበሩ። አውሮፕላን መጣ። ሰው ሁሉ ቦምብ ሲጠብቅ ቦምብ አልወረደም፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ካፊያ ወረደ። በዚያ ሐሩር ለተጠበሰ ሰው እግዜር የላከው በረከት መሰለ። ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ የተቀበለው ብዙ ነው። ይሄይስ የሚባል አብሮ አደጉ ግን ከቋጥኝ ሥር ተወሽቆ "አልወጣም" ይላል። ገደፋው እጁን ይዞ ጎተተው፤ "ና ውጣ፣ አቧራህን ታጠብ" እያለ፣ እየሳቀ። ካፊያው ወዲያው አላቃጠለም። ቆይቶ ነው ያቃጠለ። ይሄይስ ዓይኑ ጠፋ፤ ቆዳው እየተላቀቀ፣ "ገዴ፣ ውሃ አፍስስብኝ" እያለ ሞተ። ገደፋው ውሃ አፈሰሰበት። ውሃውም ከዚያው ከተመረዘው ወንዝ የተቀዳ ነበር።

ግራዝማች ደረሰ በዚያን ጊዜ ዋሻ ውስጥ ነበር። ለመጠለል የመጣውን ሰው አሽከሮቹ ከበሩ ላይ በዱላ ይመልሱ ነበር ይባላል።

ሰኔ ገባ። አንድ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ዝናብ ጀመረ። ገደፋው ለሰዉ ፈርቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ቤቱ ተወርውሮ ወጣ፤ ሕፃናቱን እያፈሰ ወደ ደጀ ሰላም ከተታቸው፤ አንድ ሽማግሌ ተሸክሞ ከዛፍ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ከሰዉ መሀል ነጠላዋ የረጠበባትን አንዲት ሴት አየና ነጠላዋን ከላይዋ ገፈፈው።

"አውልቂ! አውልቂው! ይበላሻል!"

ሴቲቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ነበረች፤ የግራዝማች ደረሰ ሚስት። ጉድ ተባለ። ሽማግሌ ሲያድን ያየው የለም፤ ነጠላ ሲገፍፍ ያላየ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ስለ ሕመሙ የማያውቅ አልተገኘም። አንዱ ዛር ነው አለ፤ አንዱ ቡዳ በልቶታል አለ፤ አንዱ ተከዜ በረሃ ላይ ጋኔን ረግጦ ነው አለ። ሰውየውን ምን እንዳየ የጠየቀ ግን አንድ እንኳ የለም። በመጨረሻ ግራዝማች ደረሰ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ።

"እኔም ከዚያው ነበርሁ። ካፊያ የሚባል አላየሁም። ይኼ ፍርሃት ነው። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።"

አቻምየለሽ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። "እውነትዎ ነው፣ ግራዝማች። እርስዎ ከነበሩበት ሆኖ ካፊያ አይታይም።"

ነገሩ ገብቷቸው ከንፈራቸውን የነከሱ ነበሩ፤ የሳቀ ግን የለም። በጤነኛ ባለሥልጣን ላይ አይሳቅም። ገደፋው እግረ ሙቅ እንዲገባ ተፈረደ። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን በብረት አያይዘው ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት፤ ሽማግሎቹም ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ጠላ ጠጥተው ተበተኑ።

ሣር ክዳኑ ያረጀ ስለ ነበር ክረምቱን ቤቱ ያፈሳል። ጠብታ በወረደ ቁጥር ምሰሶው ይናወጣል። አንድ ደብተራ ክታብ ጽፎ አንገቱ ላይ አሰረለት፤ የክታቡ ቆዳ በረጠበ ጊዜ ገደፋው በጥርሱ በጥሶ ጣለው። ደብተራውም "ይኸው፣ ጋኔኑ ክታቤን ጠላው" ብሎ መድኃኒቱ የሠራ ያህል ረክቶ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ከደምበጫ ማዶ፣ ከአንድ ገደል ሥር፣ እብድ የሚያድን ጠበል አለ ተባለ። አቻምየለሽ ወንድሟን ከምሰሶው ፈትታ፣ ከነእግረ ሙቁ በተዋሰችው አህያ ላይ አስቀምጣ ወሰደችው። የጠበሉ አጥማቂ አባ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ክንዳቸውም እንደዚያው። ጠበሉ ከላይ ከአለቱ እየተወረወረ ነው የሚወርድ። አቻምየለሽ ይህን ስታይ ወደ አባ ሮጠች።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለች መስቀላቸውን ተሳልማ። "የወንድሜ ሕመም ከላይ በሚወርድ ውሃ የመጣ ነው። ከላይ አይፍሰስበት። በቅል ቀድቼ ይጠጣልኝ።"

"ጠበል በበሽተኛ ልክ አይሰፋም" አሉ አባ።

"እንደ እምነቱ ይጠጣው ማለቴ ነው፣ አባ። የጠጣ አይድንም?"

"አንቺ ነሽ አጥማቂ ወይስ እኔ?"

አራት ሰው ይዞ ከአለቱ ሥር ከአንድ ግንድ ጋር አሰረው። ውሃው ከራስ ቅሉ ላይ ሲያርፍ የጮኸው ጩኸት ገደሉን አስተጋባው። ከውሃው ሊሸሽ ሲወራጭ እግረ ሙቁ ቁርጭምጭሚቱን እስከ አጥንት በላው። አባ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን አንስተው፣ "ልቀቅ! ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?" ይላሉ።

"ከተከዜ!" ይላል ገደፋው። "ይሄይስን እኔ ጎተትሁት! እኔ ነኝ!"

"ሰማችሁ?" አሉ አባ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "ጋኔኑ ስሙን ተናዘዘ። ይሄይስ ነው ስሙ።"

ሕዝቡ እልል አለ። እልል የተባለለት ይሄይስ፣ አንዲት መበለት እናቱ ብቻ የምታለቅስለት፣ ተከዜ ዳር ያለ ፍትሐት የቀረ የደሀ ልጅ ነው። ጠበሉን አላማም፤ የእግዚአብሔር ውሃ ነው፣ ኃጢአትም የለበት። ሰው እየነገራቸው የማይሰሙትን ጆሮዎች ግን ምን ጠበል እንደሚከፍታቸው አላውቅም።

አቻምየለሽ ሱባኤው እስኪያልቅ አልቆየችም። ሕዝቡ ለምሳ ሲበተን ገመዱን ፈታች፤ ወንድሟን ደግፋ ወጣች። አባ ከኋላዋ፣ "ጋኔንሽን ይዘሽ ሂጂ! ሰባት ሆኖ ይመለስብሻል!" ብለው ጮኹ።

"ሰባትም ቢሆን የእናቴ ልጅ ነው" አለች ሳትዞር።

በተከተለው ዓመት ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። ሐኪምም አመጣ፤ ለአገሬው ሰው በነፃ ያክማል ተብሎ በየገበያው ተለፈፈ። ግራዝማች ደረሰ በዚህ ጊዜ ገብቷል፤ ማለት ለጣሊያን ገብቷል። ካባውን በአዲስ ካባ ለውጦ፣ ወደ ምሽጉ ለሚሄድ ሰው ይለፍ የሚሰጥ እሱ ሆኗል። አቻምየለሽ ደጁን ጠናች። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቀደ፤ ግን ጠርቶ አስጠነቀቃት።

"ሐኪሙ ፊት ስለ ጦርነቱ እንዳይለፈልፍ። ራሴን አመመኝ ይበል።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ግራዝማች።"

"በሽታውን ያወጣ ደግሞ ገመድ ይገኝለታል" አላት።

ቡሬ ደረሱ። ሐኪሙ በድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አጠገቡ ቱርጁማን አለ፤ የአበሻ ልጅ ነው፣ ባርኔጣው ግን ከጌቶቹ ባርኔጣ ይበልጣል። ገደፋው ጀርባውን ገልጦ ተቀመጠ። ሐኪሙ ጠባሳውን ባየ ጊዜ እጁ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ በቱርጁማኑ አማካይነት፣ ምን እንዳገኘው ጠየቀ።

ይህን ጥያቄ ገደፋውን የጠየቀው ከእህቱ ቀጥሎ የመጀመሪያው ሰው ነው። እንደ ተዘጋ ምንጭ ፈነዳ። ተከዜን፣ አውሮፕላኑን፣ ካፊያውን፣ ሽታውን፣ ይሄይስን፣ የወንዙን ውሃ፣ እንባው እየወረደ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሲጨርስ ቱርጁማኑ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ሦስት አራት ቃል ጣል አደረገ።

"ያን ሁሉ በዚህች ጨረስኸው?" አለችው አቻምየለሽ።

"ፍል ውሃ ተደፋበት ብያለሁ። ይበቃዋል።"

ሐኪሙ ጠባሳውን በጣቱ እየነካ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። አቻምየለሽ ከዚያ ሁሉ የማታውቀው ንግግር መሀል አንዲት የምታውቃት ቃል ሰማች።

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"ሽሬ ሲል ሰምቻለሁ፤ ያ የተከዜው ጦርነት የተደረገበት አገር። ሽሬ ያለ የለም፤ ወንድሜም አላለ፣ አንተም አላልህ። ፍል ውሃውን ሽሬ ድረስ ምን ወሰደው?"

ቱርጁማኑ ተቆጣ። ሐኪሙ ግን ቃሏን ሳይሆን ፊቷን አነበበ መሰለኝ፤ ቀላ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሸራ እያየ ተናገረ። ቱርጁማኑም አሁን አንድ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ።

"ሐኪሙ የሚሉት፦ የጣሊያን መንግሥት አውሮፕላን እንዲህ ያለ ዝናብ አዝንቦ አያውቅም። ያልዘነበ ዝናብ ሰው አያሳምም። ስለዚህ ወንድምሽ አልታመመም። ታምሜያለሁ ካለ የመንግሥት ስም ማጥፋት ነውና ቦታው ወህኒ ነው።"

አቻምየለሽ የወንድሟን ጀርባ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሺ፣ ጀርባውስ ድኗል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው፣ ሐሳቡን የያዘው ነገር አለ። ለሱስ መድኃኒት የለም?" ብላ ጠየቀች።

ቱርጁማኑ ይህን አልተረጎመውም፤ ራሱ መለሰ። "ለአበሻ ሐሳብ መድኃኒት አልመጣም" አለና ሳቀ።

ሐኪሙ በትንሽ ቆርቆሮ ቅባት ሰጥቶ አሰናበታቸው። አቻምየለሽ ቅባቱን ቤት ወስዳ፣ ቀንበር የላጠውን የበሬዋን ጫንቃ ቀባችው። በሬው ዳነ። የጣሊያን ሕክምና በእኛ አጥቢያ ያዳነው ፍጡር ይኸው በሬ ነው።

ምሽግ ገብታ መውጣቷ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። አርበኞች ጫካ ሲገቡ "የጣሊያን ደጅ የረገጠች ሰላይ ናት" ተባለች። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ጠየቋት። ምሰሶ ሥር ያለውን ወንድሟን አሳየቻቸው። አንደኛው ገደፋውን አይቶ፣ "ይኼማ እብድ ነው" ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ጀርባውን አየ፤ አንገቱን ደፋ፤ "እንሂድ" ብሎ ጓደኛውን ጎተተው። ያ ሰው ምን እንዳየ እሱ ያውቃል። ግን እሱም ስላየው ነገር አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነው የሄደ።

አቻምየለሽ ከዚያ በኋላ የማንንም ደጅ አልጠናችም። እግረ ሙቁን በመጥረቢያ ራስና በድንጋይ ቀጥቅጣ አወለቀችው። ከዚያ ቤት መሥራት ጀመረች። ምሰሶውን ወንድሟ ተከለ፤ እሷ ሣር አጨደች፤ ክዳኑን ደራርባ፣ ደራርባ ከደነችው። ጠብታ የማያልፍበት ቤት ሆነ። የክዳኑን ጠርዝ ወደ መሬት ዝቅ አደረገችው፣ ዝናቡ ሲወርድ ውስጥ ለተቀመጠ እንዳይታይ። ጎረቤት ሲያልፍ፣ "አቻምየለሽ ለእብድ ቤተ መንግሥት ሠራች" ይላል።

ዝናብ በሌለበት ወራት ገደፋው እንደማንኛውም ሰው ነው። ውሃ መሬት ላይ ሲሄድ አይፈራም፤ ከላይ ሲወርድ ብቻ ነው። ይህን ያወቀችው እህቱ ናት፣ ማወቁም ሌላ ጥበብ አልጠየቀም፣ አብሮ መዋልን እንጂ። ከወንዙ ቦይ ጠልፎ በበጋ በርበሬ ማልማት ጀመረ። ክረምቱን ቤቱ ተቀምጦ ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል፤ የክረምቱን እርሻ እሷ ሰው ተውሳ፣ ወንፈል ገብታ ትወጣዋለች። ሴት አረሰች ብለው ደግሞ ሳቁ። መቼም ሳቅ አያልቅባቸው። አንዳንድ ቀን ነጎድጓዱ ሲበረታ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሥራዋን ጥላ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። "ይሄይስን ጎተትሁት፣ እታለም" ይላታል። "አውቃለሁ" ትለዋለች። "መርዝ መሆኑን ግን አላወቅህም።" ያለቅሳል፤ ያልፋል። በሚቀጥለው ነጎድጓድ ደግሞ ይመጣል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ያች ነጠላዋ የተገፈፈው የግራዝማቹ ሚስት፣ ያለ ደንገጡር ብቻዋን መጣች። ፊቷን በመሸፈኛ ደብቃለች። አቻምየለሽ መደቡን ጠርጋ አስቀመጠቻት።

"ምንድን ነው የምትሰጪው?" አለች ሀብትነሽ በሹክሹክታ።

"ለማን?"

"ለወንድምሽ። ምን መድኃኒት አገኘሽለት?"

"ለምን ጠየቁኝ፣ እሜቴ?"

ሀብትነሽ ወደ በሩ አየች። "ባለቤቴም አይተኛም። በር ሲዘጋ መስማት አይችልም። በር በተዘጋ ቁጥር 'አስገቧቸው፣ አስገቧቸው' እያለ ይጮኻል። ቤታችን ከዓምና ጀምሮ በሩ ክፍት ነው የሚያድር። አሽከሮቹ ጠላትን ንቆ ነው ይላሉ።"

አቻምየለሽ የሽማግሎቹን ፍርድ፣ የወንድሟን ቁርጭምጭሚት ሳታስብ አልቀረችም። ደስ ሊላት ይችል ነበር። እንደ ነገረችን ከሆነ ደስ አላላትም።

"የሰጠሁት ነገር የለም፣ እሜቴ" አለች። "ያነሣሁለት እንጂ። ብረቱን፣ ጩኸቱን፣ የሰውን ሳቅ አነሣሁለት። ከዚያ የሚለውን ሰማሁት። ግራዝማችንም የሚሰማቸው ሰው ይኑር። ይምጡ፤ ከገደፋው ጋር ይቀመጡ። እሱ ከዋሻው ውጭ ነበር፣ እሳቸው ከውስጥ፤ የሚነጋገሩት አያጡም።"

ሀብትነሽ አለቀሰችና ሄደች። ግራዝማች ደረሰ ግን አልመጣም። ከገበሬ ቤት ገብቶ "አመመኝ" ከሚል፣ በሩን ከፍቶ ቢያድር መረጠ። ጣሊያን ከቡሬ ለቆ ሲሸሽም አዲሱን ካባ አውልቆ አሮጌውን አጠለቀ፤ ያኔ ወጀት ይባል በነበረው በዛሬው ፍኖተ ሰላም ጦር ሲሰበሰብ ከአርበኞች ጋር ፎክሮ ገባ። የተከዜ ዘማቾች ይጠሩ ሲባል ገደፋውን ያስታወሰ ሰው ነበር። ግራዝማች ደረሰ፣ "እሱን ተዉት፣ እብድ ነው" አለ። ገደፋው ይህ ሲነገረው በርበሬ እየለቀመ ነበር። "እውነቱን ነው፣ ተዉኝ" አለና ልቅሙን ቀጠለ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአዊ ወገን የሆነች ያይኔአበባ የምትባል መበለት አገባ። ቤተ ዘመዶቿ፣ "ክረምት የማያርስ ባል ምን ያደርግልሻል?" ብለው ተቆጡ። "የፊተኛው ባሌ ክረምትም በጋም ያርስ ነበር፤ ማታ ማታ ግን እኔን ይደበድብ ነበር" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም። ሁለት ልጆች ወለዱ። ልጆቹ እንደ ማንኛውም ልጅ ዝናብ ሲመጣ ወጥተው ይጨፍራሉ። ገደፋው ከበሩ ላይ መቃኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ይቆማል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ግን አይጠራቸውም። ያይኔአበባ ከኋላው ሆና ወገቡን ትይዘዋለች።

አልዳነም እንግዲህ። አጥቢያው ግን ድኗል ብሎ ወሰነ፤ የሚያስቀውም ይኼው ነው። አባ ወልደ ሥላሴ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ፣ "ገደፋው የሚባል እብድ በዚህ ጠበል ድኖ፣ ሚስት አግብቶ ወልዷል" እያሉ ይሰብኩ ነበር። ግራዝማች ደረሰ ደግሞ፣ "ያኔ ይለፍ ሰጥቼው ታክሞ ነው" ይል ነበር ይባላል። ሽማግሎቹም፣ በጊዜው ባናስረው ኖሮ ይጠፋ ነበር ባይ ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው ለአቻምየለሽ ይነግራት ነበር። እሷ ግን ነገሩን ሰምታ፣ ማጭዷን ይዛ ትነሳለች፤ ክረምት ሳይገባ የወንድሟ ቤት ክዳን ሣር ይጨመርበታል።